ከማን ጋር ሮጦ ነው ያሸነፈው? የኳንተም ኮምፒውተርን «ድል» እንዴት እንመዝን

በዲሴምበር 2024 ጎግል «ዊሎው» የተባለውን አዲሱን የኳንተም ቺፕ ይፋ ሲያደርግ አንድ ቁጥር ዓለምን አዳረሰ። ቺፑ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የጨረሰውን ስሌት በዘመናችን ካሉት እጅግ ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች አንዱ ልሥራው ቢል 10 ሴፕቲሊዮን ዓመት ይፈጅበታል ተባለ። 10 ሴፕቲሊዮን ማለት 1 ጽፎ ከኋላው 25 ዜሮ መደርደር ነው። ጽንፈ ዓለሙ ከተፈጠረ እንኳ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው የሚባለው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለዜና ሰው ከሰማይ እንደወረደ መና ነው፤ ርዕሱን ራሱ ይዞ ይመጣል።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የፊዚክስ ሳይሆን የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታዲያ ምን አገባህ ልትሉኝ ትችላላችሁ። የሚያገባኝ እንዲህ ያለውን ዜና ነገ ተርጉመን ለሕዝብ የምናቀርበው እኛው ስለሆንን ነው። ፊዚክሱን ላናውቅ እንችላለን፤ መጠየቅ ግን ሙያችን ነው። ለመሆኑ «ኳንተም ኮምፒውተር ከተለመደው ኮምፒውተር በለጠ» ሲባል ነገሩ እውነት የሚሆነው መቼ ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ለመመዘን ይረዳሉ ያልኳቸውን አራት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገሩን እንተዋወቀው

የተለመደው ኮምፒውተር የሚሠራው በቢት ነው። ቢት ወይ 0 ነው ወይ 1፤ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ቁጠሩት። የኳንተም ኮምፒውተር መሥሪያ ደግሞ ኪዩቢት ይባላል። ኪዩቢት ከመለካቱ በፊት የ0 እና የ1 ድብልቅ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ሲለካ ግን ያው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠን። ኪዩቢቶች ሲበዙ ድብልቁ በአስደንጋጭ ፍጥነት ያድጋል። የ10 ኪዩቢትን ሁኔታ ለመግለጽ 1,024 ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ የ53 ኪዩቢትን ለመግለጽ ግን ወደ 9 ኳድሪሊዮን፣ ማለትም 9 ተጽፎ ከኋላው 15 ዜሮ የሚደረደርበት ያህል ቁጥር ያስፈልጋል። የተለመደው ኮምፒውተር ኳንተምን አስመስዬ ልሥራ ሲል የሚጨንቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች «ስለዚህ ኳንተም ኮምፒውተር ሁሉንም መልስ በአንድ ጊዜ ይሞክራል» ብለው ያልፋሉ። አባባሉ ይጥማል፤ ግን ያሳስታል። በመጨረሻ ስንለካው የሚወጣልን አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ዝም ብለን ከለካነው ደግሞ ዕጣ ከማውጣት አይለይም። ጥበቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በኳንተም ዓለም ያሉ ዕድሎች እንደ ውኃ ሞገድ ናቸው፤ ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ወይ ይደጋገፋሉ ወይ ይጠፋፋሉ። ጥሩ የኳንተም አልጎሪዝም፣ ማለትም ጥሩ የስሌት ዘዴ፣ የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ ትክክለኛው ደግሞ እንዲጎላ አድርጎ ስሌቱን ያቀናጃል። ይህ የሚሳካው ግን ለአንዳንድ ዓይነት ችግሮች ብቻ ነው።

ከእነዚህ መካከል ሦስቱን መጥቀስ ይበቃል። በ1981 ሪቻርድ ፋይንማን ተፈጥሮ ራሷ በኳንተም ሕግ የምትሠራ ከሆነ እርሷን አስመስሎ ለማስላትም በዚያው ሕግ የሚሠራ ማሽን ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የሞለኪዩሎችንና የቁሶችን ጠባይ ማስላት የኳንተም ኮምፒውተር ዋነኛ ተስፋ ሆኖ የቀረው ከዚያ ጀምሮ ነው። በ1994 ፒተር ሾር ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ ተባዦቻቸው የሚበትን ፈጣን የኳንተም ዘዴ አገኙ። በ1996 ደግሞ ሎቭ ግሮቨር ያልተደራጀ ክምር ውስጥ አንድ ነገር የመፈለጊያ ዘዴ አገኙ፤ 1,000,000 ሙከራ የሚጠይቀውን ፍለጋ ወደ 1,000 ገደማ እርምጃ ያወርደዋል።

እንግዲህ «ኳንተም ኮምፒውተር ፈጣን ነው» የሚለው አነጋገር ራሱ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። ፈጣን የሚሆነው ለተወሰነ ችግር፣ ከተወሰነ ተፎካካሪ አንጻር ነው።

አንደኛ ጥያቄ፦ ከማን ጋር ተወዳደረ?

ስለ ሩጫ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነው። ያቺ ቅንጣት ጊዜ እስከ ዛሬ የምትወራው ለምንድነው? ከጎኑ የሮጠው ቴርጋት ስለሆነ ነው እንጂ! ያው ኃይሌ ሮጦ የማያውቅ ሰው አስከትሎ በ15 ደቂቃ ቢቀድም ኖሮ ማን ያወራው ነበር? ልዩነቱ ቢሰፋም ድሉ ያንሳል።

በኳንተም ዓለም ይህ በትክክል ደርሷል። በ2015 መጨረሻ የጎግል ተመራማሪዎች ከናሳ ጋር በሚጠቀሙበት ዲ-ዌቭ በተባለ ማሽን ላይ ባደረጉት ሙከራ ማሽኑ ከተለመደው ኮምፒውተር 100 ሚሊዮን እጥፍ ፈጠነ ተባለ። ዜናው እንደ ጉድ ተሰራጨ። ተፎካካሪው ግን በአንድ የኮምፒውተር አንጎል ላይ ብቻ የሚሄድ አንድ የተወሰነ ዘዴ ነበር፤ ለሙከራው የተመረጡትም ጥያቄዎች ያንን ዘዴ ሆነ ብለው የሚያስቸግሩ ነበሩ። አብዛኛውን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዲ-ዌቭ ጋር በሚቀራረብ ጊዜ የሚፈቱ ሌሎች የተለመዱ ዘዴዎች መኖራቸውን ጥናቱ ራሱ ጠቅሷል። በርዕሰ ዜናው ላይ ግን ይህቺ ቁም ነገር አልገባችም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የኳንተም ፍጥነትን እንዴት እንለካ የሚለውን ጉዳይ ፈር ለማስያዝ ሞክሮ ነበር። አጥኚዎቹ 503 ኪዩቢት ያለውን የዲ-ዌቭ ማሽን ሲፈትሹ በጥቅሉ የኳንተም ብልጫ ማስረጃ አላገኙበትም። ከሁሉም በላይ ግን ብልጫ ብልጫ የሚባለው ከማን አንጻር እንደሆነ በደረጃ ለይተው አስቀመጡ። አንድን የተለመደ ዘዴ መቅደስ፣ በዘመኑ የሚታወቁትን የተለመዱ ዘዴዎች ሁሉ መቅደም፣ እንዲሁም የተለመደው ኮምፒውተር ፈጽሞ ሊደርስበት እንደማይችል በሒሳብ ማረጋገጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ ግን ሦስቱንም «በለጠ» በሚል አንድ ቃል እንጠቀልላቸዋለን።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ተፎካካሪውስ ዝም ብሎ ተቀመጠ?

በኦክቶበር 2019 ጎግል 53 ኪዩቢት ባለው ሳይካሞር በተባለ ማሽኑ በ200 ሰከንድ የሠራሁትን ስሌት ሰሚት የተባለው የአሜሪካ ሱፐር ኮምፒውተር በ10,000 ዓመት ነው የሚጨርሰው ሲል በ«ኔቸር» መጽሔት አሳተመ። ጽሑፉ ታትሞ ሳይወጣ አይቢኤም መልስ ሰጠ፦ «የሰሚትን ማከማቻ ዲስኮች በአግባቡ ብንጠቀምባቸው 2.5 ቀን ይበቃል» አለ። ይህም ግምት እንጂ በተግባር የተሠራ አልነበረም። ይሁንና በ2022 የቻይና ተመራማሪዎች ጂፒዩ የሚባሉ 512 የስሌት ቺፖች ተጠቅመው ሥራውን በ15 ሰዓት ገደማ በተግባር ሠርተው አሳዩ። በ2024 ደግሞ ሌላ የቻይና ቡድን 1,432 ጂፒዩ ይዞ ከሳይካሞር 7 እጥፍ ፈጠንኩ አለ። 10,000 ዓመት የተባለው ነገር በ5 ዓመት ውስጥ የሰከንዶች ጉዳይ ሆኖ አረፈው!

ታዲያ ጎግል ዋሽቷል ማለት ነው? በጭራሽ። ወደፊት የተለመደው ስሌት ወጪው እየቀነሰ እንደሚሄድ ተመራማሪዎቹ በዚያው ጽሑፍ ላይ አስቀድመው ተናግረው ነበር። ማሽኑም እንደተባለው መሥራቱ በራሱ ትልቅ ሳይንሳዊ እርምጃ ነው። የቀረው ነገር ቢኖር ቁጥሩ ነው፤ ምክንያቱም 10,000 ዓመት የሳይካሞር ባሕርይ ሳይሆን የዚያን ጊዜው የሰው ልጅ ዘዴ ባሕርይ ነበር።

ይህን ነገር እኛ ተማሪዎች በተለይ ልንወደው የሚገባ ታሪክ ያስረዳልናል። በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የኳንተም ዘዴ አቅርበው ነበር። ዘዴው «ይህን ፊልም የወደደ ያንን ይወዳል» እያሉ ለደንበኛ የሚጠቁሙ ድርጅቶች የሚሠሩትን ዓይነት ስሌት እጅግ በፍጥነት ይሠራል ተባለ። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ስኮት አሮንሰን ለወጣቷ ተማሪ ለኤዊን ታንግ የተለመደው ኮምፒውተር ይህን ፍጥነት ሊደርስበት እንደማይችል አረጋግጪ የሚል ሥራ ሰጧት። ልጅቱ ግን በ2018 የተባለውን ተቃራኒ ይዛ መጣች፤ ከኳንተሙ ብዙም የማይርቅ የተለመደ ዘዴ አገኘች። በኳንተም ብልጫ ዝርዝር ውስጥ ከታወቁት አንዱ በአንዲት ተማሪ ብዕር ተሰረዘ።

በ2023ም ይኸው ተደገመ። አይቢኤም 127 ኪዩቢት ባለው ኢግል በተባለ ማሽኑ የመግነጢስን ጠባይ የሚመለከት ስሌት ሠርቶ የኳንተም ጠቃሚነት ምልክት ታየ ሲል በጁን ወር አሳተመ። ሳምንታት ሳይቆዩ የተለያዩ ቡድኖች ያንኑ በተለመደ ኮምፒውተር ሠርተው አሳዩ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ «በለጠ» የሚለው ቃል ቀን ሊጻፍበት ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ሦስተኛ ጥያቄ፦ ችግሩ ሲያድግ ልዩነቱ እንዴት ያድጋል?

የአንድ ቀን ሰዓት መለካት ብቻውን አይበቃም። ባለሙያዎቹ የሚመለከቱት ችግሩ እየገዘፈ ሲሄድ የሁለቱም ጊዜ እንዴት እንደሚያድግ ነው። የሾርና የግሮቨር ዘዴዎች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። በሾር ዘዴ ቁጥሩ በረዘመ መጠን የተለመደው ኮምፒውተር እጅግ ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል። በግሮቨር ግን ትርፉ እስከ ስኩዌር ሩት ብቻ ነው።

ስኩዌር ሩት ትንሽ ነው እንዴ? ከ1,000,000 ወደ 1,000 መውረድ እኮ ትልቅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የኳንተም ማሽን አንዱ እርምጃ ቀርፋፋ ነው፤ ኪዩቢት በትንሽ ሙቀትና ንዝረት ስለሚሳሳት ስሕተቱን ለማረም ብዙ ኪዩቢቶች እንደ አንድ ሆነው መሥራት አለባቸው፤ ይህም ጊዜ ይበላል። እስቲ በምሳሌ እንየው። የኳንተሙ አንድ እርምጃ ከተለመደው 1 ሚሊዮን ጊዜ ይዘገያል እንበል። ያኔ የግሮቨር ዘዴ ማሸነፍ የሚጀምረው የሚፈለግበት ክምር ከ1 ትሪሊዮን ሲበልጥ ነው። ተፎካካሪው ደግሞ 1,000 ኮምፒውተሮችን ጎን ለጎን ካሰለፈ መነሻው ወደ 1 ኩንቲሊዮን፣ 18 ዜሮ ወዳለው ቁጥር፣ ይሸሻል። በዚያ ላይ ያን ሁሉ መረጃ አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ ማስገባት ካስፈለገ ማስገባቱ ራሱ ትርፉን ይጨርሰዋል። ለዚህም ነው ኳንተም ኮምፒውተር የሚያዋጣው መረጃው ትንሽ ሆኖ ስሌቱ ከባድ ለሆነበት ሥራ ነው የሚባለው። «ትልቅ መረጃን በኳንተም እንመረምራለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ መረጃው እንዴት እንደሚገባ መጠየቅ አትርሱ።

አራተኛ ጥያቄ፦ መልሱ ይረጋገጣል? ለማንስ ይጠቅማል?

ሳይካሞርም ሆነ ዊሎው የተወዳደሩበት ስሌት በዘፈቀደ ከተደረደሩ የኳንተም እርምጃዎች የሚወጡ ቁጥሮችን መሰብሰብ ነው። የተዛባ ዳይ ደጋግሞ ወርውሮ የወጣውን እንደመመዝገብ ቁጠሩት። ለማሽን ፈተናነት ጥሩ ነው፤ የሚያበላው እንጀራ ግን የለም። ፈተናውን የመረጡት ደግሞ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ የመረጡትም ለኳንተም የሚመች፣ ለተለመደው ኮምፒውተር የሚከብድ ስለሆነ ነው። ማጭበርበር አይደለም፤ ግልጽ አድርገው ተናግረዋል። ለአንባቢ ሳይነገር ከታለፈ ግን ዜናው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ማረጋገጡም ሌላ ፈተና ነው። ስሌቱ ከተለመደው ኮምፒውተር አቅም በላይ ከሆነ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ተመራማሪዎቹ አነስ ባሉና በሚሰሉ ስሌቶች ላይ ማሽኑን ይፈትኑና ከዚያ ተነስተው ስለ ትልቁ ይገምታሉ። ከሾር ዘዴ ጋር አወዳድሩት፦ 15 ቁጥር 3 እና 5 ሆኖ ቢበተን 3 በ5 አባዝቶ ማረጋገጥ ለሕፃንም አይከብድ። ባለ 617 አኃዝ ቁጥር ቢሆንም መልሱ ከተገኘ ማረጋገጡ ማባዛት ብቻ ነው። ጎግል በኦክቶበር 2025 ዊሎው ላይ የሠራሁት አዲስ ስሌት ከሚታወቀው የተለመደ ዘዴ 13,000 እጥፍ ይፈጥናል፤ ውጤቱንም ሌላ አቻ የኳንተም ማሽን ደግሞ ሊያረጋግጠው ይችላል ማለቱ ትኩረት የሳበው ለዚህ ነው። ቁጥሩን ከ10 ሴፕቲሊዮን ጋር ስታስተያዩት ኢምንት ነው፤ እንደ ማስረጃ ግን የሚመረጠው የዚህ ዓይነቱ ነው። የሲድኒዋን 0.09 ሰከንድ አስታውሱ።

መጠራጠርም ልክ አለው

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ነገሩ ሁሉ ወሬ ነው» ብሎ ቢደመድም ሌላ ስሕተት ውስጥ ይገባል፤ የዚህ ስሕተት ዋጋ ደግሞ ከመጀመሪያው አያንስም። ኢንተርኔት ላይ የይለፍ ቃላችንን፣ የባንክ ሒሳባችንንና የግል ደብዳቤያችንን ከሚጠብቁት ቁልፎች አንዱ አርኤስኤ የተባለው ሲሆን የቆመውም ትልቅ ቁጥር መበተን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። የሾር ዘዴ በቂ ማሽን ካገኘ ይህን ቁልፍ ይከፍታል። በ2019 የወጣ ጥናት ባለ 2,048 ቢት የአርኤስኤ ቁልፍን በ8 ሰዓት ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢት ያስፈልጋል ብሎ ነበር። ከአጥኚዎቹ አንዱ ክሬግ ጊድኒ በ2025 ግምቱን ከ1 ሚሊዮን በታች አወረዱት፤ ጊዜውም ከአንድ ሳምንት በታች ነው። አይቢኤም በ2023 ያሳየው ኮንዶር የተባለው ቺፕ 1,121 ኪዩቢት ነበረው፤ ስለዚህ ርቀቱ ገና ሰፊ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የተለመደው ዘዴ እየተሻሻለ እንደሚሄድ ሁሉ የኳንተሙም ዘዴ እየተሻሻለ ነው።

በአንድ በኩል፣ የተለመደው ኮምፒውተር ትልቅ ቁጥር በፍጥነት ሊበትን እንደማይችል እስከ ዛሬ በሒሳብ ያረጋገጠ የለም፤ የሾር ብልጫም ከሚታወቁት ዘዴዎች አንጻር ነው። በሌላ በኩል ግን በአሥርተ ዓመታት ጥረት የሚቀርበው የተለመደ ዘዴ አልተገኘም። ይህም የብልጫ ማስረጃ የሚጠነክርበትን መንገድ ያሳየናል፤ ብዙ ብልህ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሊያፈርሱት ሞክረው ያልፈረሰ ነገር ነው ጠንካራ የሚባለው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ማሽኑ እስኪመጣ ሳይጠብቅ በኦገስት 2024 ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት አዳዲስ የምስጢር መጠበቂያ ደረጃዎችን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የተቆለፈ መረጃ ተሰርቆ ተቀምጦ ነገ ሊከፈት ይችላልና። «ኳንተም ውሸት ነው» የሚል ርዕስ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ይህን ጥንቃቄ የሚያዘናጋ ነው።

እንግዲህ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። «ኳንተም ኮምፒውተር ሱፐር ኮምፒውተርን በለጠ» ብሎ ከመጻፍ «የእገሌ ድርጅት ማሽን ለፈተና በተመረጠ አንድ ስሌት ላይ እስካሁን ከሚታወቀው ዘዴ ፈጠነ ተባለ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ርዕሱ እንደ መጀመሪያው አያብረቀርቅም፤ ነገር ግን ከ5 ዓመት በኋላም አያሳፍርም። የሚናገረው ባለሙያ ማሽኑን የሚሸጠው ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ የሌላ ወገን ባለሙያ ይጠየቅ። ከጥቂት ወራት በኋላም ተመልሶ «ያ ድል አሁንም ቆሟል ወይ?» ማለት ይገባል፤ በእኛ አገር ጋዜጦች የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ ይህ መመለሱ ነው።

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። በእኛ ሙያ ግን አጥብቆ ያልጠየቀ ነው አንባቢውን የሚያረዳው። ቸር ይግጠመን!